አበባ የነበረባቸው ስሞች

የበደለኝ ሰው የመረጃ ክፍላችን ኃላፊ ነው። የበደለኝ ጳጉሜ ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ በተዛወረበት ዓመት፣ እኔ ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን ቤቴ በተኛሁበት ጊዜ። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል። አሶሳ ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰውም ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።

ያደረገው ነገር ለሰሚው ቀላል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር አጸዳው። የነበረውን ሲስተም አጥፍቶ አዲስ ጫነበት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እስከ ዛሬ በዚህ ነው የምታኮርፊው ይለኛል። አዎ፣ በዚህ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ኮምፒውተር የሚባል ነገር እዚህ አገር ከመግባቱ በፊት ከነበረው መጀመር አለብኝ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ካለው ቤታችን ስንወጣ አራት ነበርን። አሶሳ ስንደርስ ሁለት ሆነናል። አባቴ ገና መኪና ላይ ሳንጫን የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ሞተ። እናቴን መንገድ ላይ ቀበርናት። ቀበርናት ማለትም አይቻልም፤ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፣ ሰዎች ተሸክመው አወረዷት፣ መኪናው ተነሳ። የቀረነው እኔና ወንድሜ ነን። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሱ አራት ሞልቶት ነበር። አሶሳ ደርሰን ከጭነት መኪናው ሳወርደው የኋላው መዝጊያ ብረት የግራ ቅልጥሙን ሰነጠቀው። በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩለት። ቁስሉ ከጉልበቱ በታች ማጭድ መስሎ የታጠፈ ነበር። ጠባሳ እንደሚሆን ያን ጊዜም ታውቆኛል።

በጊዜያዊው ሰፈር በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። ካድሬው መጣና የታመሙ ሕፃናት ለብቻ በሌላ መኪና ይሂዱ አለ። እሱንም አልረሳሁትም፤ በተራው ይጻፍለት። አብሬው ልሂድ አልኩ፣ መኪናው ሞልቷል አለኝ። ወዴት ነው የምትወስዱት ብዬ ልብሱን ስይዘው እጄን ቀስ አድርጎ አላቀቀና፣

«ሁሉም የአብዮቱ ልጅ ነው። የት ይጠፋል?» አለኝ።

በማግሥቱ ጤነኞቹን እኛን ወደ አንድ መንደር ወሰዱን። የታመሙትን ልጆች ደግሞ እያገገሙ ሲሄዱ ወደ ሌሎች መንደሮች አከፋፈሏቸው። ወንድሜ መዳኑን አንዲት ነርስ ነገረችኝ። ወደ የትኛው መንደር እንደጣሉት ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። መንደሮቹ ብዙ ነበሩ። ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ የሚጠሩት በቁጥር ነበር።

ማንበብና መጻፍ ስለምችል የመንደራችን መዝገብ ጸሐፊ አደረጉኝ። ጎጆዎቹ ከቀርከሃና ከሣር በመስመር የተሠሩ ነበሩ። ለአንድ ጎጆ ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ተብሎ ታስቧል። ረሃብ ግን ያንን ተመን አይቶ አልገደለም። ልጆቹ ያለቁበት ቤት ነበር፣ ወላጆቹ ያለቁበት ልጅ ነበር። ወላጅ አልባ ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፣ ሪፖርት ያበላሻል። ስለዚህ ሁለቱን እናገናኛለን። «ጎደሎ ቤት መሙላት» ይባል ነበር። ልጁ የገባበት ቤት አባወራ አባቱ ተብሎ ይመዘገባል። የወለደው አባት ስም የትም አይጻፍም። የልጁንም ስም አዲሱ ቤት እንዳሻው ይለውጠዋል።

ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካድሬው ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሕፃናት በአጠገቤ ቆመው አፍንጫቸውን እየጠረጉ አዲሱን አባታቸውን ስጽፍላቸው ያዩኝ ነበር። በሌላ መንደር ሌላ ጸሐፊ የእኔን ወንድም እንዲሁ እያደረገው እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም እጽፋለሁ።

ከጻፍኳቸው መካከል አንዱን ለይቼ መናገር አለብኝ። በጊዜያዊው ሰፈር ከአጠገባችን በነበረው ድንኳን አንዲት ሴት የሚጠባ ወንድ ልጅ ይዛ ነበር። ተቅማጥ ነው የገደላት። ከመሞቷ በፊት በነበረው ከሰዓት እጄን ይዛ ስሟንና የአባቷን ስም፣ የአገሯን ስም፣ ከየትኛው ደብር አጠገብ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «ሲያድግ ስሜን ንገሪልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ልጁን በእኛ መንደር ሁለት ልጆቹ ለሞቱበት አንድ አባወራ ጻፍኩት። ሚስትየው ጡቷ ገና አልደረቀም ነበርና ወዲያው አጠባችው።

በየወሩ መጨረሻ የየመንደሩ ጸሐፊዎች መዝገባችንን ተሸክመን አሶሳ እንሰበሰባለን። ከመካከላችን አንድ ዲያቆን ነበር፤ ቀጭን፣ እንደኔ የወሎ ሰው። አንድ ቀን ካድሬዎቹ ምሳ ሲወጡ ማንጎው ሥር ተቀምጠን መዝገቡን ገለጠና አሳየኝ። በአንዳንድ ልጆች ስም ሥር በእርሳስ የተደረገች ነጥብ አለች፤ ካልነገሩህ የማትታይ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«ዝንብ ናት» አለኝ። «መዝገቤ ላይ ዝንብ አስቸገረኝ። ደግሞ የምታርፈው እንግዳ ልጅ ላይ ብቻ ነው።»

ሳቅሁ። አሶሳ ከገባሁ ጀምሮ ስስቅ ያ መጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሁላችንም መዝገብ ላይ ዝንብ አረፈ። ስብሰባ አላደረግንም፣ ቃል አልተገባባንም። አንዱ ሲያሳይ ሌላው እያየ ነው። አንድ ቀን ይህ ሁሉ ያልፋል፣ ሰው ልጁን ሊፈልግ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ቢያንስ የትኛው ልጅ የተጨመረ እንደሆነ ይታወቃል የሚል ሐሳብ ነበር።

ዲያቆኑ በነጥቡ ብቻ አልቆመም። የልጆቹን የእውነተኛ አባቶች ስም በሌላ ወረቀት ላይ ይዞ ነበር። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። የወሰዱት ቀን አብሬው ነበርኩ። ይህን ማን ማን ያውቃል ብለው ሲጠይቁት ወደ እኔ አላየም። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። እኔም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የልጆቹን ነገር በወረቀት አልጻፍኩም፤ በአፌም አልተናገርኩትም። ይህን አስታውሱልኝ። በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ደርግ ወደቀ። ብዙ ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ወንድሜን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ? አሶሳ ቀረሁ። በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ሰጠ። ሞኒተሩ ሆዱ የገፋ ነበር፤ መብራት በመጣ ቁጥር እንደታመመ ሰው ያቃስታል። አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም በዲስኬት አምጥተው ጫኑልኝ። የሰፋሪዎቹን መዝገብ በሙሉ አስገቢ አሉኝ፤ የሁሉንም መንደሮች።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያንን ሥራ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። መዝገቦቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የማየው ነጥቦቹን ነበር። ከሞላ ጎደል በሁሉም ነበሩ። ነጥቡን ምን አድርጌ ላስገባው ብዬ ሳስብ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ቁልፍ አገኘሁ። ሲጫኑት አበባ የመሰለች ትንሽ ጌጥ ይጽፋል። ለጥሪ ካርድና ለመሳሰለው የታሰበ ይሆናል። በየተጨመረው ልጅ ስም መጨረሻ አንድ አበባ አደረግሁ። ማንም ቢያየው ታይፒስቷ ተጫወተች ይላል።

መዝገቦቹ ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ገቡ። ይህን አገር የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የምለውን ያውቃል። ምስጥ በላቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ሳጥኑን ብንከፍት ውጪው ደህና፣ ውስጡ አፈር ነበር። በእጄ ሳነሳው ፈረሰ። ስለዚህ እነዚያ ነጥቦች በዓለም ላይ የቀሩት አንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ባለችው አሮጌ ማሽን ውስጥ፣ አበባ ሆነው።

ወንድሜን መፈለግ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። አንድ መንደር እከፍታለሁ፣ ገጽ በገጽ እወርዳለሁ። አበባ ያለበት፣ ወንድ፣ በምዝገባው ዘመን ዕድሜው ከሦስት እስከ ስድስት። በአንድ መንደር ሦስት ወይም አራት ይገኛል። ስማቸውን በቃሌ እይዛለሁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ዶሮ ልገዛ የመጣሁ መስዬ፣ ወይም ዘመድ ጠፍቶብኝ። ልጁን አየዋለሁ፤ አሁን ልጅ አይደለም፣ ጎረምሳ ነው። ቅልጥሙን የማይበት ምክንያት እፈልጋለሁ። ሱሪውን ጠቅልሎ እርሻ የሚሠራ ከሆነ እግዜር ሰጠኝ። ካልሆነ ሰዓታት እጠብቃለሁ። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ የሄዱበትን እጠይቅና እመለሳለሁ። የአንዱ መንደር ስሞች ሲያልቁ የሚቀጥለውን እከፍታለሁ እንጂ የሁሉንም አስቀድሜ አላወጣሁም። ወረቀት ላይ አልገለበጥኩም። ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የት ይሄዳል ብዬ።

አንድ መንደር ላይ ያሳደገችው እናት ጠረጠረችኝ። ልጇ ብስክሌት ገልብጦ ጎማ ሲለጥፍ ቁጭ ብዬ እግሩን ሳይ ይዛኝ ነው። ጠባሳ አልነበረውም። ልነሳ ስል ክንዴን ይዛ ከጓሮ ወሰደችኝ። ማን እንደሆንኩ አስታውሳ ነበር፤ ጸሐፊዋ መሆኔን።

«እቴ፣ ያንን ልጅ የእኔ ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺና ብጤዎችሽ ናችሁ» አለችኝ። «እኔ አልለመንኳችሁም። አምጥታችሁ ሰጣችሁኝ፣ ወደድኩት። አሁን ደግሞ አይደለም ልትይው መጣሽ?»

አልመጣሁም አልኳት። ወንድሜን እንደምፈልግ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት ለእሷ ነው። እስክጨርስ ሰማችኝና፣

«አግኝተሽው ምን ልትይው ነው?» አለችኝ።

ዶሮ ሸጠችልኝ፤ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል አንድም መንደር አልሄድኩም። ፋይሉን እከፍታለሁ፣ አበቦቹን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። በኋላ ግን አልቻልኩም፣ ጀመርኩ። ይህን ሁሉ የምናገረው ያን ያህል ዘመን ማሽን ይዘሽ ምን ስትሠሪ ነበር ለሚሉኝ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ኮምፒውተር ተምሮ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የመረጃ ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ስሙን ከነአባቱ ሲጠሩት አወቅሁት። ያ የሚጠባው ሕፃን ነው። እናቱ ስሜን ንገሪልኝ ያለችኝ። በእጄ ጽፌ ጎደሎ ቤት የሞላሁበት። ፋይሉ ውስጥ በስሙ መጨረሻ አበባ ነበረው። አባት ብሎ የሚጠራቸው ሰውዬ በመንደራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ሆነዋል፤ እንደወለዱት ነው የሚያውቀው። ልነግረው ይገባ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ። የዚያችን የዶሮዋን ሴት ፊት አስታውሳለሁ፣ አፌ አይከፈትም።

መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ሳልወድ ነው። እትዬ ይለኛል፣ አንቱ ይለኛል። ግን አሮጌ ነገር ሲያይ እጁን ያሳክከዋል። የእኔን ማሽን «የደርግ ኮምፒውተር» ብሎ ሰየመው፤ ቢሮው ሁሉ ያንን ስም ያዘ። ስልጠና አዘጋጀና ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈ፦ ሰዎች ጊዜው ያለፈበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለምን አይተዉም?

አንዱ ስለለመዱት አለ። አንዷ ብልሽት ስለሚፈሩ አለች። ገንዘብ ያዡ አዲሱ ሲስተም ሥራ ቶሎ ስለሚያስጨርስ ነው፣ ሥራው ካለቀ ቀኑን ሙሉ ምን ልንሠራ ነው ሲል ሁሉም ሳቁ። ሌላው አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ ማሽኑና ባለቤቱ እኩል ስላረጁ ነው አለ። ያኔም ሳቁ። ኃላፊው ሳቁን ጠብቆ ሰሌዳው ላይ «የለውጥ ፍርሃት» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ። ለምንድን ነው የማይለቁት?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። የማውቀውን ሁሉ እዚያው ተነሥቼ ብናገር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን ፊት ለፊቴ የቆመው ራሱ አበባ ያለበት ልጅ ነው፤ ዙሪያውን ሃያ ሰው ተቀምጧል። የዲያቆኑ ወረቀት ከኪሱ ሲወጣ ያየሁት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው።

«አማርኛው አዲሱ ላይ አይነበብም» አልኩ።

እውነት ነው፣ አይነበብም ነበር። የድሮው ፕሮግራም ፊደል አዲሱ ሲስተም ላይ ሲከፈት ሳጥንና ቁርጥራጭ ምልክት ይሆናል። ድጋሚ ይጫን ቢባል ዲስኬቶቹ ሻግተዋል። ኃላፊው ፊቱ በራ። ችግሩ ይህ ብቻ ከሆነ መፍትሔ አለው፣ ጊዜ ይስጡኝ አለ። አትንካው አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ትንሹን ምክንያት ሰጠሁት፣ እሱም ትንሹን ምክንያት ፈታ።

ጳጉሜ ላይ ከወባው ተነሥቼ ቢሮ ስሄድ በር ላይ ዘበኛችን ተቀበለኝ። የበርታ ሰው ነው፣ ሽማግሌ፣ ለእኔ ያዝንልኛል።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ያንቺ ኮምፒውተር ታጠበ» አለኝ። «ኃላፊው ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ሠራች። አዲስ ሆነ፣ ወላሂ አዲስ።»

ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ማሽኑ ቦታው ላይ አለ። ስከፍተው የማላውቀው ሰማያዊ ብርሃን ወጣ። ኃላፊው ከኋላዬ መጣ፤ እጁ ላይ የተጠረዘ ወፍራም ወረቀት ይዟል። የሰፋሪዎቹ መዝገብ ነው፤ ሁሉም መንደሮች፣ በአዲሱ ፊደል፣ በአዲሱ ሲስተም፣ በላዩ ላይ ጠንካራ ሽፋን አድርጎበት። ለእኔ ስጦታ ነው። ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ከጓደኛው አስመጥቶ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሊያስደስተኝ ሠርቶታል። አንድ ስም አልጎደለም አለኝ። ቆጥሮታል።

ገለጥኩት። አንዱን መንደር አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። ስሞቹ ሁሉ አሉ። አበባ የለም። የራሱን መንደር ገለጥኩ፣ የራሱን ስም አየሁ። ንጹሕ ነው። ከስሙ በኋላ ምንም የለም።

«ጌጦቹስ?» አልኩት።

«የትኞቹ? ያ ቆሻሻው?» አለኝ። «አንዳንድ ስም መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ የማያውቀው ምልክት ነበር፣ ባዶ ቦታ እየሆነ ሲያስቸግር አጸዳሁት። የድሮው ማሽን ብልሽት ነው።»

«የድሮውስ ፋይል?»

«ምን ያደርግልናል? ሁሉም እኮ እዚህ አለ።» ወረቀቱን መታ መታ አደረገው። «ምን ጠፋ እትዬ? ይንገሩኝ፣ ምን ጠፋ?»

ገና ያላየኋቸው አሥራ አንድ መንደሮች ነበሩ። ከእነዚያ በአንዱ ወንድሜ አለ፤ ወይም ነበረ። በእነዚያ መንደሮች የተመዘገበው ወንድ ልጅ ብዙ ነው፤ የትኛው የተጨመረ፣ የትኛው የተወለደ እንደሆነ የሚናገር ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ የለም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። አልጮኽኩም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ጥርዙን የራሱ ስም ያለበት ላይ ከፍቼ ጣቴን አስቀመጥኩበት።

«ከዚህ ስም በኋላ አንድ አበባ ነበር» አልኩት። «ካጸዳሃቸው ቆሻሻዎች አንዱ ነው።»

ሳቀ። የእሱ ስም ላይ አበባ ምን ይሠራል አለ። ነገርኩት። ጎደሎ ቤት ምን ማለት እንደሆነ፣ ነጥቦቹን፣ አበቦቹን፣ ማን እንደጻፈው። በቀስታ ነው የነገርኩት፣ እንዳይስተው። የምናገረው እሱን ለመጥቀም እንዳልሆነ በዚያች ደቂቃም አውቄአለሁ። እንዲጎዳ ፈልጌ ነው። ተጎዳ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነና በሩን ይዞ ቆመ።

ሦስት ቀን ሥራ አልገባም። በአራተኛው ቤቴ መጣ። አባቱን ጠይቆ እውነት ነው ብለውታል፤ አልቅሰው ነው የነገሩት። የወለደችውን ግን አያውቋትም። መዝገብ ጸሐፊዋ አምጥታ ሰጠችን፣ እሷ ብቻ ታውቃለች ብለው ልከውታል። በሬ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ እጁን አጣምሮ፣

«እናቴን ያውቋታል?» አለኝ።

«አውቃታለሁ።»

«ስሟን ይንገሩኝ። ስሟን ብቻ።»

ነገሩን ያሰብኩት ያን ጊዜ አይደለም፤ ሦስቱን ቀን ሳስበው ነው የከረምኩት። አሥራ አንድ መንደር አለ አልኩት። አበባ ስለሌለ ከእንግዲህ ቤት ለቤት ነው። ሞተር ብስክሌት አለህ። ወንድሜ የተገኘ ቀን እነግርሃለሁ አልኩት።

«እትዬ፣ ባይገኝስ?» አለኝ።

በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ከኋላው ተቀመጥኩ፣ ሄድን። በየቅዳሜው ሄድን። እሱ ይጠይቅልኝ ነበር፤ ወንዶቹን እያስቆመ፣ ትሑት ሆኖ፣ የግራ ቅልጥማቸውን እንዲያሳዩን ይለምናቸዋል። አንዳንዱ ይስቅብናል፣ አንዳንዱ ያባርረናል፣ አንዳንዱ ምንም ሳይጠይቅ ሱሪውን ይሰበስባል። ዝናብ ሲመታን ከሰው ጎጆ ጥግ ቆመን እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የማንጎ ጥላ ሥር፣ እናቱ ትመስለው እንደሆነ ጠየቀኝ። ትመስልሃለች አልኩት።

ሦስት ዓመት ፈጀ። አሥራ አንዱንም መንደሮች ጨረስን። ወንድሜ አልተገኘም። የመጨረሻውን ቤት አንኳኩተን ስንመለስ በሬ ላይ አወረደኝና ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ቆመ። እኔ ገባሁ።

ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጣሁ። አሮጌውን ማሽን ሊጥሉት ሲያወጡት ለምኜ ወሰድኩት፤ ቤቴ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የኃላፊውን እናት ስም፣ የአባቷን ስም፣ አገሯንና ደብሯን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃለሁ። አልነገርኩትም።